የሳቤላ ግራ እግር

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከሚክሰሩ ኋላ፣
ባንድ እግሩ በሚያነክስ ወንበር፣
የኔ ሥራ እንዲህ ነበር፦
ሳቤላ ስትዘፍን ማሚቶ መጨመር፣
ሳቤላ ስታወራ ማሚቶ መንፈግ።
ዘፈን በማሚቶ ያምራል፣
ወሬ በማሚቶ ይሰክራል፤
ይህችው ናት ዕውቀቴ፣
የዚህችው ነው ራቴ።

የሷ እጆች ጊዜ የላቸው፤
ቀኙ ከዜማው ጋር፣ ግራው ከባሱ፣
የአኮርዲዮኑ ወናፍ ደረቷ ላይ ሲከፈት ሲዘጋ
ጣት ከየት ይመጣል ለቁልፍ?
ከኔ ይመጣ ነበር።

በመጋቢት ከቪጎ አንድ ብረት ይዛ መጣች፣
የትምባሆ ቆርቆሮ የሚያህል፣
ባለ አንድ አዝራር፣ ባለ አንድ ጅራት።
«ሃያ ስምንት ዩሮ» አለች፣ ዋጋውን ብቻ።
ቆይታ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ፣
«ብራይስ፣ ሰርጉን እኮ ዲጄ ወሰደው፤
የተረፈው ለሁለት አይበቃም።»

ከሚክሰሩ ጀርባ አንዲት ቀዳዳ አለች፣
የእግር ሥዕል የተሣለባት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አቧራዋን ስጠርግ
«ምንድን ነሽ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤
ለካ ተተኪዬን ስትጠብቅ ነው።

እኔው ሰካሁት።
እንዳይጠልፋት ብዬ ሽቦውን
በጥቁር ፕላስተር ከመድረኩ ጋር አጣበቅሁት።
«ስትረግጪው ይበራል፣ ደግመሽ ስትረግጪው ይጠፋል፤
ቀዩ መብራት ካለ፣ ማሚቶው አለ።»
ለሰው እግር ሙያዬን አስተማርኩ፤
ትምህርቱ አራት ደቂቃ ፈጀ።

በሐምሌ፣ በወደቡ በዓል፣
ጀልባዎቹ ባንዲራ ለብሰው፣ ሰርዲኑ ፍም ላይ ሲንጣጣ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው መሀል ተቀመጥኩ።
ቢራ ያዝኩ። እጄ ሌላ የሚይዘው አልነበረውም።

ሦስተኛው ዘፈን አለቀና መርገጡን ረሳችው፦
«የኢላሪዮ የዓሣ መኪና መንገድ ዘግቷል!»
ዘግቷል…
ግቷል…
ቷል…
ከግንቡ ወደ ግንቡ፣ እንደ ምጽአት አዋጅ።
ኢላሪዮ ቆቡን ይዞ ሮጠ፣
ወደቡ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።
እኔም ሳቅኩ፤ ከሚገባኝ በላይ ሳቅኩ።
ጣቴ ግን፣ ሳላዘው፣
ጠረጴዛው ላይ የሌለች ቁልፍ ተጫነ።

ከዚያ ግራ ጫማዋን አወለቀች፣
አዝራሩን በካልሲዋ ለመዳበስ፣
ያቺን የድሮዋን ጀመረች፣
ያልተመለሰችውን ጀልባ።
የመጨረሻዋን ስንኝ አውቃታለሁ፤
እዚያ ላይ እኔ ሁልጊዜ ማሚቶውን እስከ ጥግ እለቅ ነበር፣
ድምጿ ማዕበል መስበሪያውን አልፎ ፋኖሱ ማማ ድረስ እንዲሄድ።
ሰው ያለቅሳል።
ያስለቀስኩት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ለራሴ፣ ቀስ ብዬ።

ዛሬ እዚያች ስንኝ ላይ ስትደርስ
ጠቅ።
ቀዩ ጠፋ።

ድምጿ ደረቁን መጣ።
ከጉሮሮዋ እስከ ጆሯችን፣
መሀል ላይ ማንም የለም።
ስንጥቅ ነበረበት፤
ባርባ ሰባት ዓመቷ የመጣ፣
ወይም ከመጀመሪያው የነበረ፣
እኔ እንደ ጭቃ ግድግዳ በማሚቶ ስለስነው የኖርኩት።
ማንም አላለቀሰም።
አሮጊቷ ዶሪንዳ ሹካዋን አስቀመጠች፣ እሱ ብቻ።
አንድ ሕፃን «አለቀ?» አለ።

ሰው ሲበተን፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሽቦ ልጠቀልል ወጣሁ።
ጫማዋን እያጠለቀች፣
«መጨረሻው ላይ ተሳሳትኩ መሰለኝ» አለች፣
«ሳላስበው ረገጥኩት?»
ፊቷን አየሁ። የምሯን ትሁን፣ ትሸንግለኝ፣
መለየት አልቻልኩም፤
ፊት የምታነብ ቁልፍ በሚክሰሬ ላይ አልነበረችም።

«አላስተዋልኩም» አልኳት።
ተንበርክኬ ፕላስተሩን ላጥኩት፣
ሽቦውን በክርኔና በመዳፌ ዙሪያ ጠመጠምኩ፣
ብረቱን አነሳሁት፤
አዝራሩ ገና ሞቆ ነበር።